ለሰዓት ማሰሪያ ቆዳ መረጣ፦ ከገበሩ ተነስቼ ወደ ፊቱ

ቅዳሜ ማታ

ሥራው እንዲህ ነው፣ በሁለቱ ጆሮዎቹ (ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ከሰዓቱ የወጡ ጫፎች) መሃል 20 ሚሊ ለሆነ ሰዓት በእጅ የሚሰፋ የቆዳ ማሰሪያ፣ ዘለበቱ ጋ ሲደርስ ወደ 16 ሚሊ እየጠበበ የሚሄድ። የሚያስረው ታላቅ ወንድሜ ነው። እጁን በጣም ያልበዋል፣ ሰዓቱንም ጠበቅ አድርጎ ነው የሚያስረው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አያወልቀውም፣ ስለዚህ የማሰሪያው ውሎ እርጥበት ላይ ነው። አንጓው 17 ሴንቲ አካባቢ ስለሆነ ርዝመቱን 115 በ75 ሚሊ ያዝኩት፣ ረጅሙ ቀዳዳ ያለበት ወገን ነው፣ አጭሩ ዘለበት ያለበት።

ብዙ ሰው ለማሰሪያ ቆዳ ሲመርጥ ከፊቱ ነው የሚጀምረው፣ ቀለሙ፣ ማብረቅረቁ፣ የፋብሪካው ስም ምናምን። እኔ ከታች ልጀምር ነው የወሰንኩት፣ መጀመሪያ ገላ የሚነካው ገበር፣ ቀጥሎ ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር የምታያይዘውን ፒን ዞሮ የሚታጠፈው ቦታ፣ ፊቱ መጨረሻ ላይ። ያረጁ ማሰሪያዎች ካሏችሁ ገልብጣችሁ እዩዋቸው፣ ብዙዎቹ ፊታቸው ገና ደህና ነው፣ ገበራቸው ግን ጠቁሮ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ወይ ደግሞ ፒኗ የምትገባበት እጥፋት ተበልቶ በክር ብቻ ነው ተንጠልጥሎ ያለው። ማሰሪያ የሚያልቀው በብዛት እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው፣ እነሱን የሚችል ቆዳ ካገኘሁ ቀለሙ አያስቸግረኝም።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት፦ በዕፅዋት የለፋ የላም ትከሻ 1.8 ሚሊ፣ በክሮም የለፋ የጥጃ ቆዳ 1.1፣ በክሮም የለፋ የፍየል ቆዳ 0.9፣ በዕፅዋት የለፋ ስስ የጥጃ ገበር 0.8፣ ፑል አፕ የሚባለው ዘይትና ሰም የጠጣ ቆዳ (ሲታጠፍ ቀለሙ የሚፈካው) 2 ሚሊ፣ እና ትንሽዬ የሼል ኮርዶቫን (ከፈረስ ታፋ የሚወጣ ቆዳ) ቁራጭ። ሁሉንም ራሴ በካሊፐር ለካሁ፣ ሻጩ የሚጽፈው ውፍረት አማካይ ስለሆነ አንዱ ጫፍ ከሌላው 0.2 ሚሊ ሊለይ ይችላል፣ ቦርሳ ላይ 0.2 ሚሊ ማንም አያየውም፣ ሦስት ንብርብር ሆኖ ጠባብ ቦታ ውስጥ ለሚገባ ነገር ግን 0.2 ብዙ ነው። በአውንስ የተጻፈ ካጋጠማችሁ 1 አውንስ 0.4 ሚሊ አካባቢ ነው።

እሁድ

ዛሬ የሠራሁት እያንዳንዱ ቆዳ በምን እንደለፋ ማረጋገጥ ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ላቡን የሚችልበት መንገድ፣ ጠርዙ የሚጨረስበት መንገድ፣ ማስቲሽ የሚይዝበት መንገድ፣ ከማልፊያው ነው የሚመጣው።

በዕፅዋት የሚለፋው ከዛፍ ቅርፊትና ከእንጨት በሚወጣ ታኒን ነው፣ ከቼስትነት ዛፍ፣ ከኬብራቾ፣ ከሚሞዛ፣ ከኦክ፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በክሮም የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው፣ ሥራው በሰዓታት ወይ በአንድ ቀን አካባቢ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1884 አውጉስተስ ሹልትዝ ኒውዮርክ ውስጥ የክሮም አለፋፍ ፓተንቱን ካወጣ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ፋብሪካ ሥራ በሰፊው የገባው፣ ዛሬ የምናየው የቆዳ ዕቃ አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው።

ለመለየት መጀመሪያ የምታዩት የተቆረጠውን ጠርዝ ነው። በክሮም የለፋው መሃሉ ድረስ ቀለም ካልገባው ግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ መስመር ይታያል፣ በዕፅዋት የለፋው ቡናማ ወይ ክሬም ነው። ግን እስከ መሃሉ ቀለም የጠጣ ከሆነ ጠርዙ ምንም አይነግራችሁም፣ እንደዛ ሲሆን የፈላ ውሃ አለ። 1 በ5 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ትጥላላችሁ። በዕፅዋት የለፋው ከ70 እስከ 85 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚኮማተር ወዲያው ይጠቀለላል፣ ያጥራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ድርቅ ብሎ ይቀራል። በክሮም በደንብ የለፋው 100 ዲግሪውን ችሎ ሊወጣ ይችላል። የኔ የትከሻው ቆዳና ስሱ ገበር ወዲያው ተጠቀለሉ፣ ጥጃውና ፍየሉ እንደነበሩ ወጡ፣ ፑል አፑ ትንሽ ብቻ ተኮማተረ፣ በሁለቱም የለፋ ድብልቅ ነው ብዬ ያዝኩት። አንዳንዱ ሰው ቆዳውን አቃጥሎ በአመዱ ቀለም ይለያል፣ እኔ ቤት ውስጥ ክሮም ያለበት ነገር ማቃጠል አልፈልግም፣ የፈላ ውሃው ይበቃል።

ስለ ክሮም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ገላ ላይ ተለጥፎ የሚውል ዕቃ ነው። ለማልፋት የሚገባው ክሮሚየም 3 ነው፣ ችግር ያለበት ክሮሚየም 6 የሚባለው ነው፣ አለፋፉ ወይም አያያዙ ጥሩ ካልሆነ ቆዳው ውስጥ ሊፈጠር ይችላል፣ ከቆዳ ጋር ሲነካካም አለርጂ ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2015 ጀምሮ ገላ የሚነካ የቆዳ ዕቃ ውስጥ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ሕግ አድርጎታል። ስለዚህ ገበር የሚሆን በክሮም የለፋ ቆዳ ስትገዙ የት እንደለፋና ምን ምርመራ እንዳለፈ መጠየቅ ነውር የለውም፣ መልስ የሌለው ሻጭ ከሆነ ያንን ቆዳ ለፊት ተጠቀሙበት፣ ለገበር ግን ሌላ ፈልጉ። ከዚህ በፊት በቆዳ ጓንት ወይ ጫማ ያሳከከው ሰው ከሆነ ደግሞ ገበሩን ጭራሽ ክሮም በሌለው ቆዳ ነው መሥራት ያለባችሁ። ወንድሜን ጠየቅኩት፣ እንደዛ ዓይነት ነገር ገጥሞት አያውቅም።

ሰኞ ማታ

አጭር ማስታወሻ። ሰዓቱን ለካሁ። ሞላ ያላት ፒን 1.8 ሚሊ ውፍረት አላት፣ ከፒኗ ገጽ እስከ ሰዓቱ አካል ያለው ክፍተት 1.6 ሚሊ ነው። እንግዲህ ፒኗን የሚዞረው ቆዳ ከማስቲሹ ጋር ሆኖ እዚህ ውስጥ መግባት ብቻ ሳይሆን መዞርም መቻል አለበት፣ ካልዞረ ማሰሪያው ወደ ውጭ ገትሮ ይቆማል፣ ሰዓቱ ከእጅ ላይ ከፍ ይላል። የያዝኩት ጣሪያ 1.2 ሚሊ ነው፣ ከዛ በታች ቢሆን ደስ ይለኛል። ቆዳ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ክፍተት ለኩ፣ ከሰዓት ሰዓት በጣም ነው የምትለያየው፣ አንዳንዱ ላይ 1 ሚሊ እንኳን አትሞላም።

ማክሰኞ

እጥፋቱ ላይ ዛሬ ብዙ ቆየሁ፣ ዋናው ጉዳይ ነው።

ቆዳ ሲታጠፍ መሃሉ እንዳለ ይቆያል፣ የውጭው ወገን ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨማደዳል። ፒኗ 1.8 ከሆነች ግማሿ 0.9 ነው፣ 1.2 ሚሊ የሆነ ቆዳ ሲዞራት የውጭው ገጽ ከመሃሉ 40 ከመቶ ያህል መለጠጥ አለበት። ቆዳውን 0.7 ብታደርጉት 28 ከመቶ ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የውፍረቱን ግማሽ ለፒኗ ግማሽና ለውፍረቱ ግማሽ ድምር ማካፈል ነው። ቆዳው ከሥር ስለሚጨፈለቅ በተግባር ቁጥሩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን አቅጣጫውን በደንብ ያሳያል፣ ወፍራም ቆዳ ፒኗ ላይ የሚሰነጠቀው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ስለሚለጠጥ ነው። ፊቱ ላይ ወፈር ያለ የቀለም ሽፋን ያለው ቆዳ ደግሞ ቆዳው እንኳን ቢችል ሽፋኑ አይችልም፣ መጀመሪያ እሱ ነው የሚሰነጠቀው። ለዚህ ነው ቀለሙ ቆዳው ውስጥ የገባ እንጂ ላዩ ላይ የተቀባ ያልሆነውን የምመርጠው፣ ለማወቅ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ድርብ አርጋችሁ እጠፉትና እጥፋቱን በጥፍር ጫን በሉት፣ የተፈጥሮ ጉድጓዶቹ ከፈት ሲሉ ከታዩ ጥሩ ነው፣ ነጭ ወይ ግራጫ የጸጉር መስመር የሚያክል ስንጥቅ ከታየ ሽፋን ነው።

ታዲያ "ወፍራሙን አሳስተህ ተጠቀም" የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። እዚህ ላይ ነው የቆዳው ውስጣዊ አሠራር መታወቅ ያለበት። ቆዳ ከላይ ወደ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ላይኛው፣ የፀጉር ወገን የሆነው፣ በጣም ደቃቅ ጭረቶች (ቃጫዎች) ተጣብቀው የተሠራ ስስ ንብርብር ነው፣ ያምራል፣ መፋቅን ይችላል፣ መቀደድን ግን ብዙም አይችልም። ጉልበቱ ያለው ከሥሩ ባለው ወፈር ያሉ ጭረቶች እርስ በርስ በተጠላለፉበት ንብርብር ላይ ነው። 3.5 ሚሊ የሆነ የላም ቆዳ በማሽን ተሰንጥቆ 1 ሚሊ ሲደረግ የሚቀረው በአብዛኛው ያ ላይኛው ንብርብር ነው፣ ጉልበቱ ተላጭቶ ሄዷል። የፍየል ቆዳ ግን ከመጀመሪያው ስስ ነው፣ 0.9 ሚሊ ሆኖ ሁለቱንም ንብርብር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እኩል ውፍረት ላይ ሆነው ፍየሉ ከተሰነጠቀው የላም ቆዳ ይበልጣል። በእጅ ሞከርኩት፣ ከሁለቱም 1 ሴንቲ ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጬ ጫፉን በቢላ ትንሽ ቀድጄ ሁለቱን ጆሮ ይዤ ሳብኩ፣ ለሙከራ በእጅ ወደ 0.9 ያሳሳሁት የትከሻ ቆዳ እየተዘረጠጠ ሄደ፣ ፍየሉ ጣቴን አሳመመኝ እንጂ አልሄደም።

በግ ስስ ነው ለምን አትጠቀምም የሚል ይኖራል። የበግ ቆዳ ላይኛውና ታችኛው ንብርብር መካከል ስብ የነበረበት ክፍተት ስላለ በደንብ አይያያዙም፣ ለጓንት ለጃኬት ልስላሴው ግሩም ነው፣ ማሰሪያ ላይ ግን ሲታጠፍ ላይኛው ተነስቶ እንደ ከረጢት ይሰበሰባል። ለዚህ ሥራ አልወስደውም።

እጥፋቱ ላይ ፍየሉን 0.9 እንዳለ ልተወው ነው፣ ታጥፎ ገብቶ ከገበሩ ጋር የሚጣበቀው ጅራቱ ብቻ ወደ 0.4 እየሳሳ ይሄዳል፣ እዛ ጋ ጉልበት አይጠየቅም፣ ደረጃ እንዳይሠራ ብቻ ነው። የጥጃውን ለሚጠቀም ደግሞ እጥፋቱ ላይ ወደ 0.7 አሳስቶ ከሥሩ ስስ የናይለን ጨርቅ በማስቲሽ መለጠፍ ጥሩ መንገድ ነው፣ መለጠጡን ቆዳው ይችላል፣ መሳቡን ጨርቁ ይችላል።

ሐሙስ

የአቆራረጥ አቅጣጫ። ይሄን ችላ የሚሉ ሰዎች ማሰሪያቸው በትንሽ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ያህል ይረዝምባቸዋል። ቆዳ በከብቱ ጀርባ አጥንት አቅጣጫ ትንሽ ነው የሚለጠጠው፣ በአግድም ብዙ። የጀርባውና የታፋው ክፍል ጥብቅ ነው፣ ትከሻው መካከለኛ፣ ሆዱና የእግሮቹ ሥር ልል ነው። ሙሉ ቆዳ ከሆነ ከጀርባው መስመር ጋር ትይዩ አርጋችሁ ቁረጡ በቃ። እኔ ያለኝ ግን ቁራጭ ነው፣ ጀርባው የት እንደነበር አይታወቅም፣ ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ስስ ቁራጭ ቆርጬ በማስመሪያ ላይ ይዤ ሳብኩ፣ 10 ሴንቲው በአንዱ አቅጣጫ 2 ሚሊ ያህል ሄደ፣ በሌላው ከ6 ሚሊ በላይ። ልዩነቱ እንዲህ ግልጽ ሲሆን ደስ ይላል። ትንሽ በሚሄደው አቅጣጫ ቀስት ስዬ ሁሉም ቁራጭ ጀርባ ላይ ምልክት አደረግኩ።

ገበሩ ላይም ያው ነው፣ ሁለቱም በርዝመቱ የማይለጠጡ መሆን አለባቸው፣ ፊቱ የማይለጠጥ ገበሩ የሚለጠጥ ከሆነ ሁሌ እየተሳሳቡ ይኖራሉ።

እያየሁ ሳለ ጥጃው ላይ ከሥጋው ወገን የደም ሥር መስመር አገኘሁ፣ ከፊቱ በኩል ብዙም አይታይም ግን በጣት ሲዳሰስ ይሰማል። ቦርሳ ላይ ውበት ነው፣ ማሰሪያ ላይ በተለይ ቀዳዳዎቹ የሚሰለፉበት ቦታ ላይ ከወደቀ መቀደጃ መንገድ ነው የሚሆነው። ፓተርኑን ዘወር አድርጌ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ

የገበሩ ሙከራ ውጤት። ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ጎን ለጎን ሲሄድ ነበር። በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም ጨው በጥብጬ፣ የእያንዳንዱን ቆዳ ቁራጭ በሱ እያራስኩ አንጓ በሚያክል ጠርሙስ ላይ ጠምጥሜ በላስቲክ አስሬ እንዲደርቅ እተወዋለሁ፣ ማታ ማታ ደግሜ አርሳለሁ። ላብ ውሃና ጨው ብቻ አይደለም፣ አሲድም ስብም አለበት፣ ግን ቆዳን በዋናነት የሚያደርቀው እርጥበቱ ገብቶ ሲወጣ ውስጡ ያለውን ዘይት ይዞ መሄዱና ጨዉ መቅረቱ ነው፣ ያንን ሙከራው በደንብ ያሳያል።

በዕፅዋት የለፋው ስስ ገበር ከመጀመሪያው እርጥበት ጀምሮ ነው የጠቆረው፣ ውሃ ስለሚጠጣ፣ አሁን ጠርዙ ላይ ነጭ የጨው መስመር አለው፣ ሲታጠፍም ይንኮሻኮሻል። ዘይት ስቀባው መለስ አለ፣ ግን በየሳምንቱ ገበሩን ዘይት የሚቀባ ሰው ማን ነው፣ ወንድሜ እንደማይቀባው አውቃለሁ። ክሮሙ ፍየል ለስላሳ እንደሆነ ነው ያለው፣ ጨዉን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ለቀቀ፣ በፍጥነትም ይደርቃል። ጥጃው መካከል ላይ ነው፣ ደህና ነው ግን ትንሽ ገተር ብሏል።

በዕፅዋት የለፋው ላይ ሌላ የማይወደድ ነገር አለ፣ ታኒንና ብረት ሲገናኙ እርጥበት ካለ ጥቁር ቀለም ይፈጥራሉ። እርጥብ ቁራጭ ላይ ተራ ምስማር አስቀምጬ አደርኩ፣ ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ የምስማር ምስል ታትሞ አገኘሁ፣ አይለቅም። ጥሩ ስቴይንለስ የሆነ ዘለበትና ፒን እንዲህ አያደርግም፣ ርካሽ ዘለበት የተቀባው ሲላጥ ግን ያደርጋል፣ በእርጥብ እጅና ዝገት ባለው መሣሪያ መሥራትም እንደዛው። ክሮሙ ላይ ምስማሩ የዝገት ምልክት ብቻ ነው የተወው።

ቀጥሎ ቀለም መልቀቅ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ መጀመሪያ ደረቁን ቀጥሎ በጨው ውሃ የራሰውን ደጋግሜ ፈተግኩ። ፋብሪካዎች ይሄንኑ በማሽን ነው የሚሠሩት፣ አይኤስኦ 11640 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው። ጥቁር ቡናማው ጥጃ እርጥቡን ጨርቅ ቀለም አስያዘው፣ የሸሚዝ እጅጌ ሊያበላሽ ነው ማለት ነው። ለገበር ሁሌም ቀለም ያልገባው ወይ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ነው የሚሻለው፣ ሲቆሽሽ ስለሚታይ ሰው አይወደውም፣ እኔ ግን ገበር ሲቆሽሽ ቢታይ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ ያኔ ይጠረጋል።

ስለዚህ ገበሩ ተወሰነ፣ ፈዛዛ ቀለም ያለው በክሮም የለፋ ፍየል፣ 0.7 አካባቢ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ላብ የማይበዛበት ሰው ቢሆን በዕፅዋት የለፋውን ጥጃ ነበር የምመርጠው፣ ገላ ላይ ሲያርፍ ያለው ምቾት ልዩ ነው፣ ከእጁ ቅርጽ ጋርም በደንብ ይዋሃዳል።

እሁድ

ፊትና ገበር እንዴት ይጣበቁ። ማሰሪያ እጅ ላይ ሲሆን ግማሽ ክብ ገደማ ይሠራል። ንብርብሩ ፊት 0.9፣ መሃል ማሙያ 1.3፣ ገበር 0.7 ነው፣ ከፊቱ መሃል እስከ ገበሩ መሃል 2.1 ሚሊ ማለት ነው። ግማሽ ክብ ሲሠራ የሁለቱ የርዝመት ልዩነት 2.1 በ3.14፣ 6.6 ሚሊ ይመጣል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ካጣበቃችሁት ያ ስድስት ሚሊ የት ይሂድ? ገበሩ ላይ ሽብሽብ ሆኖ ይወጣል፣ ሽብሽቡ ላይ ላብ ይጠራቀማል፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም እዛው ነው። ስለዚህ ገበሩን የምለጥፈው ማሰሪያውን ክብ ነገር ላይ አጉብጬ ነው፣ ከጫፍ ጀምሬ እየጫንኩ፣ ትርፉን በመጨረሻ እቆርጠዋለሁ። ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ ስለሆነ የማጎብጠው እያንዳንዱ ላይ ያለው ልዩነት ያነሰ ነው፣ ቢሆንም በዓይን ይታያል። ይሄ ደግሞ ወደ ቆዳ መረጣው ይመልሰናል፣ ድርቅ ያለ ወፍራም ቆዳ ቢጎበጥም ተመልሶ ቀጥ ማለት ነው የሚፈልገው፣ ማስቲሹን ቀን ከሌት እየሳበ ነው የሚኖረው።

ማሙያው የትከሻው ቆዳ ነው፣ ከ1.8 ወደ 1.3 አሳስቼ፣ ጆሮዎቹ ጋ ሙሉ ውፍረቱን ይዞ ወደ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ ዜሮ ይገባል። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ እዚህ ቦታ ላይ ተወዳዳሪ የለውም፣ በስለት በንጽህና ይላጫል፣ ቅርጹን ይይዛል። ክሮሙን ለማሳሳት ስትሞክሩ ከቢላው ፊት እየሸሸ ይለጠጣል፣ ቢላው በጣም ካልተሳለ ይበላዋል። በመጨረሻ ጆሮው ጋ 2.9፣ ጫፉ ጋ 1.6 ይሆናል፣ ለዚህ ሰዓት ልክ ነው።

ፑል አፑን ዛሬ ነው ከምርጫ ያወጣሁት። ማስቲሹ አልያዘውም፣ ውስጡ ያለው ሰም ይገፋዋል። የሥጋውን ወገን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ስለጥፍ ያዘ፣ ግን በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቀው ዘይቱ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ሙቀት እጅ ላይም አለ። ከዛ በላይ ደግሞ 2 ሚሊ ነው፣ አሳሳዋለሁ ብዬ ማክሰኞ ያልኩትን ጉልበት ላጣ አልፈልግም። ለአንድ ንብርብር ማሰሪያ ግን፣ ያለ ገበር፣ ፒኗ ክፍተት ላላት ትልቅ ሰዓት፣ በጣም ደስ የሚል ቆዳ ነው፣ መቧጨሩን በጣት ሲያሹት ይጠፋል።

ረቡዕ ማታ

ፊት ለመሆን የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ፍየል፣ ጥጃ፣ ኮርዶቫን።

ኮርዶቫን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዓይን የሚታይ አይደለም። የፈረስ ታፋ ላይ ከቆዳው መሃል ያለ ጥብቅ የጭረት ሽፋን ነው፣ ከላይም ከታችም ያለው ተላጭቶ እሱ ብቻ ይቀራል፣ ስለዚህ እንደ ሌላው ቆዳ የፀጉር ጉድጓድ የለውም። ሲታጠፍ ጥቃቅን መስመር አይሠራም፣ ሰፋ ያለ ለስላሳ ሞገድ ነው የሚሠራው። በዚህ ከሚታወቁት አንዱ ቺካጎ ያለው ሆርዊን የሚባል የቆዳ ፋብሪካ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተ፣ አንዱን ሼል (የኮርዶቫን ቁራጭ) ለመጨረስ ቢያንስ ስድስት ወር ይወስድባቸዋል። ከአንድ ፈረስ የሚወጣው ሁለት ትናንሽ ሞላላ ቁራጭ ስለሆነ ለቦርሳ ያንሳል ለማሰሪያ ግን ይበቃል፣ የማሰሪያ ሠራተኞች የሚወዱትም ለዚህ ነው። የኔ ቁራጭ 1.4 ሚሊ ነው። እጥፋቱ ጋ ማሳሳት ይጠይቃል፣ ውሃ ጠብ ሲልበት ደግሞ ጭረቱ ቆሞ ነጠብጣብ ይሆናል፣ በአጥንት ወይ በለስላሳ ማንኪያ ጀርባ ሲታሽ ይመለሳል። እጁ ለሚያልበው ሰው በየቀኑ የሚያስረው አላደርገውም።

አዞና አሊጌተርን ከመጀመሪያው አላሰብኩበትም፣ ግን ለምታስቡ ሰዎች አንድ ቃል፣ እነዚህ ቆዳዎች እ.ኤ.አ. በ1973 በተፈረመው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይቲስ የሚባል ስምምነት ሥር ናቸው፣ ከአገር አገር ሲሻገሩ ወረቀት ይጠየቃል፣ አንድ ትንሽዬ ማሰሪያ ሆኖ እንኳን። ወረቀት የሌለው ቆዳ አትግዙ። የአዞ ንድፍ የታተመበት ጥጃ ሌላ ነገር ነው፣ ግን ማተሚያው በሙቀትና በግፊት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከላይ ወፈር ያለ ሽፋን አለበት፣ የጥፍሩን ሙከራ ሳታደርጉ እንዳትወስዱ።

ጥጃ ወይ ፍየል ላይ ስመጣ፣ ጥጃው የሚያምር ለስላሳ ፊት አለው፣ ፍየሉ የራሱ ደቃቅ ጉብታ አለው። ለስላሳ ፊት የመጀመሪያውን መቧጨር ያሳያል፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እጁን ለሚያሳርፍ ሰው በአንድ ሳምንት ይታያል። የፍየሉ ጉብታ ይሸፍናል። ቀለም መልቀቁም ላይ ጥጃው ወድቋል፣ ፍየሉ እርጥብም ደረቅም ጨርቁን ንጹህ አድርጎ ነው የመለሰው። ፍየል ነው እንግዲህ፣ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ወንድሜ ቡናማ ነበር የጠየቀው፣ ቁራጮቹን ይዤ ሄጄ አሳየሁት፣ እያጠፈ አየው፣ አረንጓዴው ይሁን አለ።

ቅዳሜ

ተቆረጠ። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ፍየል 0.9፣ ማሙያው የትከሻ ቆዳ፣ ገበሩ ፈዛዛ ፍየል 0.7። የተረፈውን ጫፍ የሚይዙት ሁለት ቀለበቶች ከዛው ከፊቱ ቆዳ ናቸው፣ ድርብ ተደርጎ ወደ 1.5፣ አንዱ ተሰፍቶ የሚቆም አንዱ የሚንሸራተት። የሚንሸራተተውን ጠበብ አድርጌዋለሁ፣ ክሮም ፍየል በሥራ ትንሽ ይላላል።

ቆዳው ጠርዙንም ወስኖልኛል። በዕፅዋት የለፋ ብቻ ቢሆን ጠርዙን አርሶ በእንጨት ማሸት፣ ሰም መቀባት፣ በቃ ያበራል፣ ጭረቱ በፍትጊያ ስለሚጣበቅ። ክሮም ግን ታሽቶ አይጣበቅም፣ ሁሌ ጸጉራም ነው። ስለዚህ የጠርዝ ቀለም ነው፣ በስስ በስሱ እየተቀባ፣ መሃል መሃል ላይ በ400 ከዛ በ600 ብርጭቆ ወረቀት እየተፈተገ፣ ሦስቱ ንብርብሮች አንድ መስመር እስኪመስሉ። አንዴ ወፍራም ከተቀባ እጥፋቱ ጋ ይላጣል፣ ትዕግስት ነው የሚፈልገው።

ክሩ ፖሊስተር ነው፣ 0.45 ሚሊ፣ የስፌቱ ርቀት 3 ሚሊ፣ በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ እየተሻገረ። ሰም የተቀባ የተልባ ክር አሰፋፉ ላይ የሚያምር ነው ግን ላብ ይጠጣል፣ ጊዜውን ጠብቆ ፒኗ ጋ ይበሰብሳል። ፍየሉ ስስ ስለሆነ የቀዳዳ መምቻውን ጥርስ እስከ መጨረሻው አልመታሁትም፣ ምልክት ብቻ አድርጎ ቀሪውን በቀጭን ወስፌ ነው የከፈትኩት፣ ትልቅ ቀዳዳ በስስ ቆዳ ላይ ክሩ ሲጠብቅ ይቀደዳል። የማሰሪያው ቀዳዳዎች 2 ሚሊ ናቸው፣ በ6.5 ሚሊ ርቀት፣ እዚህ ቦታ ላይ ማሙያው ስላለቀ በፊቱና በገበሩ መሃል ያንን ስስ የናይለን ጨርቅ አስገባሁ፣ የዘለበቱ ምላስ ሁሌ አንድ ቀዳዳ ነው የምትስበው።

ረጅሙ ወገን ተሰፍቶ አልቋል፣ አጭሩ ክብ ነገር ላይ ተጎብጦ ማስቲሹ እየደረቀ ነው። ወንድሜ ሲረከበኝ የምነግረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ማታ ሲያወልቅ ገበሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ገልብጦ ጥላ ላይ እንዲያሳድረው፣ ፀሐይ ላይ ወይ ማሞቂያ አጠገብ እንዳያደርገው። የቀረው ጥጃ ላይ በ18 ሚሊ ስፋት የሌላ ሰዓት ፓተርን አስምሬ አስቀምጫለሁ፣ እጁን ለማያልበው ሰው ነው፣ እሱ ላይ ገበሩ በዕፅዋት የለፋው ይሆናል።